መለያ ሲለወጥ ትጋትም ይለወጣልን?

በቅርቡ ከአርባ ምንጭ ተነሥተን የጋሞን ተራራ በመውጣት ካምባ ደርሰን ነበር። ዕለቱ ቅዳሜ፣ ሰዓቱም ከቀትር በኋላ ስለ ነበረ መሥሪያ ቤቶች ተዘግተዋል። ከመንገዱ ድካም ለማረፍ ወደ አንዲት ሻይ ቤት ጎራ ብንል፣ ለዕረፍት ወደየቤተ ሰቦቻቸው የመጡ ተማሪዎችና ሥራ ከጀመሩ ገና ሁለትና ሦስት ዓመት የሆናቸው የመንግሥት ሠራተኞች አንድ ጠረጴዛ ከበው በብርቱ ሲከራከሩ አገኘናቸው። እኛም ከዩኒቨርሲቲ ከወጣን ብዙ ያልቆየን በመሆናችን እንዲህ ያለው ክርክር ናፍቆን ነበርና ወንበራችንን ጠጋ አደረግን።

የክርክሩ መነሻ ስፖርት ነው። አንደኛው ወጣት፣ «ሰው ስሙ ከገነነና ወደ ትልቅ ቡድን ከተዛወረ በኋላ አይሠራም፤ አቡበከር ናስርን አታየውም?» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ፣ «ነገሩን ገልብጠህ ያዝከው፤ ሰው የሚለግመው ከመዛወሩ በፊት ነው፤ የአሜሪካዊውን የቅርጫት ኳስ ተጫዋች የቪንስ ካርተርን ታሪክ አልሰማህም?» ብሎ ይመልሳል። ከጥግ የተቀመጡ አንድ አረጋዊ ሸማኔ ሻያቸውን እየጠጡ ዝም ብለው ያዳምጣሉ።

ነገሩ የጨዋታ ወሬ ብቻ መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን አንድን ሰው ሰነፍ ብሎ መፍረድ ቀላል ነገር አይደለም። በጋሞ ምድር ሽማግሌዎች በዱቡሻ ተቀምጠው ነገር ሲያዩ የሁለቱን ወገን ቃል ሳይሰሙ አይፈርዱም። እኛም እስቲ በዚህ ሥርዓት የሁለቱን ተጫዋቾች ጉዳይ በየተራ እንመልከት።

አስቀድመን የካርተርን እናንሣ። ቪንስ ካርተር ለካናዳው ቶሮንቶ ራፕተርስ መጫወት የጀመረው በ1991 ዓ.ም. ሲሆን፣ በዚያው የውድድር ዘመን ከአዳዲሶቹ ተጫዋቾች ሁሉ የበለጠ ተብሎ ተሸለመ። አዘላለሉን ለማየት ሲል ብቻ እስታዲየም የሚገባው ሕዝብ አያሌ ነበር። ተማሪ አንባቢዎቻችን ሊያውቁት የሚገባ አንድ ታሪክም አለው። ግንቦት 12 ቀን 1993 ዓ.ም. ጠዋት በሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ የምረቃ በዓል ላይ ተገኝቶ ከጓደኞቹ ጋራ ተመረቀ፤ በዚያው ዕለት በአውሮፕላን ፊላዴልፊያ ደርሶ ወሳኙን ሰባተኛ ጨዋታ ተጫወተ። በመጨረሻው ደቂቃ የወረወራት ኳስ ሳትገባ ቀረችና ቡድኑ 88 ለ87 ተሸነፈ። ከዚህም የተነሣ፣ «ልቡ በጨዋታው ላይ ቢሆን ኖሮ ወደ ምረቃ ባልሄደ ነበር» ብለው የወቀሱት አልታጡም። ኳሷ ብትገባ ኖሮ ያው ምረቃ ያስመሰግነው ነበር። ሰው በውጤት ሲፈርድ እንዲህ ነው።

ከዚያ በኋላ ካርተር በጉልበት ሕመም ብዙ ጨዋታ አመለጠው፤ ቡድኑም እየደከመ ሄደ። እርሱም በቡድኑ አመራር ቅር ስለ ተሰኘ እንዲያዛውሩት ጠየቀ። ታኅሣሥ 8 ቀን 1997 ዓ.ም. ወደ ኒው ጀርሲ ኔትስ ተዛወረ። በዚያ የውድድር ዘመን ለቶሮንቶ በተሰለፈባቸው 20 ጨዋታዎች በአማካይ 15.9 ነጥብ ሲያገባ፣ ለኒው ጀርሲ በተሰለፈባቸው 57 ጨዋታዎች ግን 27.5 ነጥብ አገባ። ሰውየው ያው፣ ዓመቱም ያው፣ የተለወጠው መለያው ነው! የቶሮንቶ ሕዝብ «ለካ ሲለግምብን ኖሯል» ቢል ማን ይፈርድበታል? ይህም አልበቃ ብሎ፣ ስመ ጥሩው አሠልጣኝ ጆን ቶምሰን በቴሌቪዥን ሲጠይቀው፣ ባለፉት ዓመታት ሁልጊዜ ኀይሉን አሟጦ እንዳልተጫወተ ራሱ አመነ። ሚያዝያ 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ወደ ቶሮንቶ ተመልሶ ሲጫወት ተመልካቹ ኳስ በነካ ቁጥር ጮኸበት፤ እርሱ ግን 39 ነጥብ አገባ።

ሆኖም ቁጥሩን ጠጋ ብለን ብንመረምረው ሌላም ነገር ይነግረናል። ካርተር በዚያ ዓመት በቶሮንቶ ሜዳ ላይ የቆየው በአንድ ጨዋታ በአማካይ 30 ደቂቃ ገደማ ሲሆን፣ በኒው ጀርሲ ግን 39 ደቂቃ ገደማ ነበር። በቶሮንቶው አገባብ 39 ደቂቃ ቢጫወት ኖሮ ነጥቡ 20 ገደማ በደረሰ ነበር። ስለዚህ ከ11.6 ነጥቡ ልዩነት ውስጥ 4 ነጥብ ያህሉ የደቂቃ ብዛት ያመጣው ነው። ቀሪው 7 ነጥብ ገደማ ነው። ከዚህም ላይ የሚቀነስ አለ፤ በኒው ጀርሲ ኳስ የሚያቀብለው በጊዜው በማቀበል ጥበቡ ወደር ያልነበረው ጄሰን ኪድ ነውና። ይህ ሁሉ ከተቀነሰ በኋላ የሚተርፈው፣ መጠኑን በቁጥር ልንለካው የማንችለው፣ ራሱ ያመነው ልግም ነው። እንግዲህ ክሱ እውነትነት አለው፤ ነገር ግን ሕዝቡ እንደ ጮኸበት ያህል ትልቅ አልነበረም።

ወደ አገራችን ልጅ ስንመለስ ነገሩ ተገልብጦ እናገኘዋለን። አቡበከር ናስር በ2013 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ቡና ሲጫወት በአንድ የውድድር ዘመን 29 ጎል አገባ። ከእርሱ በፊት ዮርዳኖስ ዓባይ በ1993 ዓ.ም. 24፣ ጌታነህ ከበደም በ2009 ዓ.ም. 25 ጎል አግብተው ነበርና የሁለቱንም ክብረ ወሰን አለፈ። በ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ሲዛወር የአገራችን ስፖርት ወዳጅ ሁሉ በደስታ ሸኘው። በመጀመሪያው ዓመት ጥቂት ጎሎች ካገባ በኋላ ግን ጉዳት ደርሶበት ከሜዳ ራቀ። ጎሉ ሲጠፋ ወሬው በረታ፤ «ገንዘብ አገኘና ተኛ» የሚለው ቃል ከሻይ ቤት ወደ ሻይ ቤት ተሸጋገረ።

ይህን ቃል የሚናገሩት ሰዎች ሁለት ነገር ዘንግተዋል ብለን እናምናለን። አንደኛ፣ በቡና ዘንድ የቡድኑ ኳስ ወደ እርሱ እግር እንዲደርስ ይደከም ነበር፤ በሰንዳውንስ ግን ለአንድ ቦታ ከየአገሩ የተሰበሰቡ አያሌ ተጫዋቾች ይፎካከራሉ፤ ተሰልፎ መውጣት ራሱ እንደ ድል ይቆጠራል። ሁለተኛ፣ እግሩን ታሞ የተኛ ሰው ሰነፍ አይባልም። ከጉዳት ለመዳን የሚደረገው ልምምድ ተመልካችና ጭብጨባ የሌለው በመሆኑ ምናልባት ከጨዋታው ይልቅ ትጋት የሚጠይቀው እርሱ ነው። በሜዳ ያላየነውን ሰው ስለ ትጋቱ ልንመሰክርለትም ልንመሰክርበትም አንችልም።

ከሁለቱ ታሪክ የምንረዳው ይህን ነው። አንዱ ከተዛወረ በኋላ ስለ በረታ «ቀድሞ ሰነፍ ነበር» ተባለ፤ ሌላው ከተዛወረ በኋላ ጎል ስላነሰው «አሁን ሰነፈ» ተባለ። የሁለቱም ዳኛ ቁጥር ነበር። ቁጥር ግን ምን እንደ ሆነ እንጂ ለምን እንደ ሆነ አይናገርም። የጋሞ ሸማኔ ከተራራው ወርዶ አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ሲቀመጥ እጁ ያው እጅ ነው። በየጊዜው የሚበጠስ ክር ከተሰጠው ግን በቀን የሚሸምነው ክንድ ማነሱ የማይቀር ነው። ትጋቱን ለማወቅ የሚሻ ሰው የነጠላውን ቁጥር ብቻ አይጠይቅም። ሸማኔው በማለዳ ከጉድጓዱ ገብቶ ይቀመጣልን? ድሩ ሲበጠስ ይቀጥለዋል ወይስ ሸፋፍኖ ያልፈዋል? ተጫዋችም እንደዚሁ ነው። ኳስ ሲነጠቅ ወደ ኋላ ሮጦ ይመለሳልን? ከተቀያሪዎች ወንበር ላይ ሲቀመጥ ያኮርፋል ወይስ ይዘጋጃል? ለልምምድ በሰዓቱ ይደርሳልን? የትጋት ሚዛን ይህ ነው።

በአገራችን ክለቦች ጉዳዩ ይበልጥ ያሳስባል። አብዛኞቹ ክለቦች የሚተዳደሩት በከተማ አስተዳደር ወይም በመንግሥት ድርጅት ገንዘብ ነው። ተጫዋቾችም ብዙውን ጊዜ የሚፈርሙት የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ውል በመሆኑ ክረምት በመጣ ቁጥር የመለያ ለውጥ ይሆናል። «አዞዎቹ» የሚባለው የአርባ ምንጭ ከተማ ደጋፊ ቡድኑ ከፕሪሚየር ሊግ ሲወርድና ተመልሶ ሲወጣ አይቷል፤ ያሳደጋቸው ልጆች ወደ ሌላ ክለብ ሲሄዱም ለምዷል። የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ወስኖ ነበር። እንዲህ ያለው ውሳኔ ወጪን ሊገታ ይችላል፤ ትጋትን ግን ሊያዝዝ አይችልም። ውሉ ሊያልቅ ሦስት ወር የቀረው፣ ከሌላ ክለብም ጋራ በልቡ የተስማማ ተጫዋች፣ እግሩን ላለመጎዳት ሲል ከኳስ ቢሸሽ ደመወዙን የሚከፍለው ሕዝብ ነው።

ክርክሩ እዚህ ላይ እንደ ደረሰ ዝም ብለው ያዳምጡ የነበሩት አረጋዊ ፍንጃላቸውን አስቀመጡና ወደ ወጣቶቹ ዞሩ። «ልጆቼ፤ እኔ የምትሏቸውን ሰዎች አላውቃቸውም» አሉ። «ግን ለአንድ ወረቀት ጉዳይ ሦስት ቀን ከቤቴ እየተነሣሁ አንድ መሥሪያ ቤት ተመላልሻለሁ። ሲነጋ ወጥቼ ሲመሽ እገባለሁ። እዚያ የነበረው ልጅ ዝውውር ጠይቆ ይጠብቅ ነበርና ‘አባባ፣ ነገ ይመለሱ’ ይለኛል። በምትኩ የመጣው ልጅ በአንድ ጠዋት ጨረሰልኝ። ያ የፊተኛው አሁን በሄደበት ከተማ ጎበዝ ሠራተኛ ሆኗል አሉኝ። እሰይ፤ ለሄደበት አገር ደስ ይበለው። የኔን ሦስት ቀን ግን ማን ይመልስልኛል?»

ጠረጴዛው ጸጥ አለ። ከመካከላችን ወረቀቱን «ነገ» ያላለ ማን ነበር?

የአረጋዊው ቃል ለክርክሩ መልስ ሰጠው ብለን እናምናለን። መዛወር ነውር አይደለም። ሰው የተሻለ ቦታ፣ የተሻለ ደመወዝ፣ ለዕውቀቱም የሚስማማ ሥራ ቢፈልግ መብቱ ነው፤ ካርተርም ቶሮንቶን ለመልቀቅ መጠየቁ በደል አልነበረም። በደሉ፣ እስኪሄድ ድረስ ባለው ጊዜ የለበሰውን መለያ እንደ ተራ ልብስ መቁጠሩ ነው። ወደ ትልቅ ከተማ እዛወራለሁ ብሎ ተስፋ የሚያደርግ ወጣት ሠራተኛም ተስፋ ማድረጉ አያስወቅሰውም፤ የሚያስወቅሰው ካምባን እንደ ማረፊያ ጣቢያ ቆጥሮ ሥራውን ለሚመጣው ሰው ማስቀመጡ ነው። ለእርሱ ማረፊያ የሆነችው ቦታ ለገበሬው አገሩ ናትና።

በሌላ በኩል ደግሞ የመሥሪያ ቤት ኀላፊዎች ከአቡበከር ታሪክ ሊማሩ ይገባል። አዲስ የመጣ ሠራተኛ በሦስት ወር ውስጥ የቀድሞውን ያህል ባይሠራ፣ ሰነፍ ከማለት በፊት ምን ሥራ እንደ ተሰጠው፣ ማን እንዳስተማረው፣ ምን መሣሪያ እንደ ጎደለው መጠየቅ ተገቢ ነው። የሚበጠስ ክር ሰጥቶ ነጠላ አነሰ ማለት ፍርድ አይሆንም።

የካርተር ታሪክ ግን በዚያ ጩኸት አላበቃም። ከዚያ በኋላ በቡድን ላይ ቡድን ለዋውጦ፣ በጠቅላላው ለስምንት ቡድኖች 22 የውድድር ዘመናት ተጫወተ። የመዝለል ኀይሉ ሲቀንስ ከርቀት መወርወርን አጥብቆ ያዘ፤ በመጨረሻዎቹም ዓመታት ከወንበር እየተነሣ የሚገባ ተቀያሪ መሆንን ሳይንቅ፣ ለወጣቶቹ አርአያ እየሆነ እስከ 43 ዓመቱ ቆየ። ሰነፍ ሰው እንዲህ አይቆይም። ኅዳር 10 ቀን 2007 ዓ.ም. በእንግዳ ቡድን መለያ ወደ ቶሮንቶ በመጣ ጊዜ የቀድሞ ጨዋታው ምስል ቢታይ ሕዝቡ ተነሥቶ አጨበጨበለት፤ እርሱም አለቀሰ። ጥቅምት 23 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ የቶሮንቶ ቡድን ያደርገው የነበረውን 15 ቁጥር መለያ ለክብሩ ከጣሪያው ላይ ሰቀለለት።

እርቁ 20 ዓመት ያህል ፈጀ። የተበደለ ሕዝብ ይቅር ማለትን ያውቃል፤ ይቅርታውን ያገኘው ግን በቃል ሳይሆን በ22 ዓመት ሥራ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ መለያ ከጣሪያ ላይ አይሰቀልም። ለእርሱ የሚበቃው፣ ከተዛወረ በኋላ ስሙ ሲነሣ አንድ አረጋዊ ሸማኔ «ያ ልጅ በአንድ ጠዋት ጨረሰልኝ» ብለው ቢያስታውሱት ነው። ሰኞ ጠዋት ሥራ ስንገባ ይህን ብናስብ የካምባው ክርክር በከንቱ አልቀረም።