«የዋልታ በረዶ ለፍኖተ ሰላም ልጅ ምኑ ነው?» ለምትሉኝ

 

ትንሽ ረዘም ይላል፣ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ስለ ሳተላይትና ስለ ዋልታ በረዶ ባነሳሁ ቁጥር የሚመጣልኝ መልስ አንድ ነው። «ቲቸር፣ እኛ ማዳበሪያ ያጣን ሰዎች የሰሜን ዋልታ በረዶ ወፈረ ቀጠነ ምን ያደርግልናል?» ቀልድ ይመስላል። ቀልድ ግን አይደለም፣ አስተሳሰብ ነው። ልጆቻችንን እየጎዳ ያለ አስተሳሰብ ነው ባይ ነኝ።

እስኪ መጀመሪያ ነገሩን እንየው።

እኛ ጎጃም ላይ በረዶ ስንል ቡቃያ የሚያወድመውን ነው የምናስበው። የዋልታው ሌላ ነው። ባሕሩ ራሱ ከላይ ረግቶ፣ ጠጥሮ የሚንሳፈፍ ነው። ስፋቱ ከሰማይ ይታያል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2012 የአርክቲክ ባሕር በረዶ ወደ 3.4 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር አንሶ ነበር። ግን ስፋት ብቻውን ምን ይነግረናል? ቡሬ ዙሪያ ያለ የጤፍ ክምር ከላይ ያየ ሰው ክቡን ያያል እንጂ ስንት ኩንታል እንደሚወጣው አያውቅም። ቁመቱን ማወቅ አለበት።

ታዲያ ሳተላይቷ ውፍረቱን ታያለች? አታይም! ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሳተላይቷ የምትለካው ጊዜ ነው።

የአውሮፓ የጠፈር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ያመጠቃት ክራዮሳት-2 ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሆና የራዳር ምት ወደ ታች ትልካለች። ምቱ ነጥሮ ሲመለስ ሰዓት ትይዛለች። ደርሶ መልሱ 0.005 ሰከንድ እንኳ አይሞላም። ጊዜውን በብርሃን ፍጥነት አባዙት፣ ለሁለት አካፍሉት፣ ርቀቱ ወጣ። በረዶው በተሰነጠቀበት ቦታ ደግሞ የባሕሩን ፊት ትለካለች። የሁለቱ ልዩነት ከውሃው በላይ ብቅ ያለው የበረዶ ክፍል ነው።

የቀረውስ? የቀረውን የሚጨርሰው አርኪሜድስ ነው! የሚንሳፈፍ ነገር የራሱን ክብደት ያህል ውሃ ይገፋል። የበረዶ ዴንሲቲ በሜትር ኩብ 917 ኪሎ ግራም ገደማ፣ የባሕር ውሃ ደግሞ 1025 ገደማ ነው። ስለዚህ ከአሥር እጅ ዘጠኙ ገደማ ውሃ ውስጥ ነው። ከላይ 20 ሳንቲ ሜትር ከታየ ሙሉው ውፍረት 1.9 ሜትር አካባቢ ነው ማለት ነው። አያችሁ? ሃይስኩል የተማራችሁት፣ ለፈተና ሸምድዳችሁ የረሳችሁት ያው ቀመር ነው።

ግን ጉድ አለው። ከላይ 1 ሳንቲ ሜትር ከተሳሳቱ ውፍረቱ ላይ ወደ 10 ሳንቲ ሜትር ይሳሳታሉ። በዚያ ላይ በረዶው ጀርባ ላይ የተከመረ አመዳይ አለ፤ ወደ ታች ይጫነዋል። የአመዳዩን ጥልቀት ከየት አመጡት? የሶቭየት ሰዎች እ.ኤ.አ. ከ1954 እስከ 1991 በተንሳፋፊ በረዶ ላይ ሰፍረው፣ በዚያ ብርድ እየዞሩ በመለኪያ የመዘገቡት ቁጥር ነው ለብዙ ዓመት ሲያገለግል የኖረው። ይሄን ያዙልኝ። ሰማይ ላይ ያለችው ሳተላይት መሬት ላይ ሜትር የያዘውን ሰው አታስቀረውም። ያለ እሱ ግማሽ ዕውር ናት።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ።

ያው ዘዴ ጣናንም ይለካል። እ.ኤ.አ. በ1992 ከመጠቀችው ቶፔክስ ፖሰይዶን ጀምሮ የጣና ከፍታ ከሰማይ ሲለካ ኖሯል። የሕዳሴ ግድብ ሐይቅም እንደዚሁ። እኛም ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ያስወነጨፍናት ኢትርስስ-1 ነበረችን። ደስ ብሎናል፣ ይገባናልም። ግን እሷ የያዘችው ካሜራ ነው። ካሜራ ስፋት ያሳያል እንጂ በራዳር እንደሚለካው አድርጎ ከፍታ አይለካም። ክምሩን አስታውሱ።

በሐምሌ 2012 ዓ.ም. የሆነውን ታስታውሳላችሁ? ከአባይ ግድብ ጀርባ ውሃ መተኛቱን ዓለም ያየው በውጭ ሳተላይቶች ምስል ነው። የውሃ ሚኒስትሩ ስለሺ በቀለ (ዶ/ር) ማብራሪያ ሲሰጡም መነጋገሪያው ያ ምስል ነበር። ከሰከላ፣ ከግሽ አባይ የሚነሳ ውሃ ነው እኮ! የለካ ይናገራል፣ ያልለካ ያዳምጣል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

«ማዳበሪያስ?» ላላችሁኝ፣ ልክ ናችሁ፣ ያስፈልጋል። ክርክር የለኝም። ግን መራዊ ያለውን የቆጋን ግድብ ውሃ የሚጠብቅ የመስኖ ገበሬ ስንዴ ከመዝራቱ በፊት ግድቡ ውስጥ ስንት ውሃ እንዳለ የሚነግረው ሰው አይፈልግም? ከፍታውን ለክቶ፣ ስፋቱን አውቆ፣ መጠኑን የሚያሰላ ሰው! ዋልታ ላይ ያለው ስሌትና መራዊ ላይ ያለው ስሌት ወንድማማች ናቸው። «የፈረንጅ ነው» ብላችሁ አንዱን ስትጥሉ ሌላውንም ጣላችሁት።

የ12ኛ ክፍል ውጤታችንንም ሁላችን እናውቀዋለን። ከግማሽ በላይ ያመጣው ተፈታኝ በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ። ምክንያቱ ብዙ ነው። መጽሐፍ የለም፣ ላብራቶሪ የለም፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ የከረመበት ጊዜ አለ። ይሄን ሁሉ እኛ መምህራን ብቻችንን አንፈታውም። አንድ ነገር ግን በእጃችን ነው። ቀመሩን አገር እንደሌለው፣ ሥራ እንደሌለው አድርገን ሰሌዳ ላይ ጽፈን መውጣታችንን ማቆም እንችላለን። «ለእኛ ምናችን ነው» እያሉ ያሳደጉት ልጅ ፊዚክስን ለምን ይውደድ?

መሣሪያ የለም አትበሉኝ። የተቆረጠ ጀሪካን፣ ውሃ፣ ዝርግ የዋንዛ ቁራጭና ማስመሪያ ይበቃል። እንጨቱን መዝኑ፣ ለኩ፣ ዴንሲቲውን አውጡ። ከዚያ አንሳፍፉትና ከውሃው በላይ የወጣውን ብቻ ለክታችሁ ሙሉ ውፍረቱን አስሉ። ቀጥሎ ትንሽ ድንጋይ ጫኑበት፣ እሱ አመዳዩ ነው። ስሌታችሁ ምን ያህል እንደተዛባ እዩ። መብራት ካለ ደግሞ ከሱቅ ፍሪጅ በረዶ ገዝታችሁ ድገሙት።

መምህራን ጓደኞቼ፣ በዚህ ሳምንት በየክፍላችሁ ሞክሩትና ያገኛችሁትን ቁጥር ከነስህተቱ ከታች ጻፉልኝ። የድሮ ተማሪዎቼ፣ እናንተም ከታናናሾቻችሁ ጋር ሞክሩት።

ነገ የጣናን፣ የብርን፣ የአባይን ውሃ የሚለካው ሰው ከእኛ ሰፈር ልጆች መሃል ካልወጣ፣ ሌላ ሰው ይለካልናል። ዋጋውንም እሱ ይነግረናል።

ሼር አድርጉት።