ያገለገለ መኪና ሲሸጥ ቁልፉ በማን እጅ ይቀራል?

አሮጌ ፒክ አፕ የሚገዛ ሰው ሞተሩን አስነስቶ ድምፁን ያዳምጣል፤ ጎማውንና ቀለሙን ይመረምራል፤ በሊብሬው ላይ የሰፈረውን የሻንሲ ቁጥር ከመኪናው ጋር ያመሳክራል። ዋጋው ሲቆረጥ አንድ ቁልፍ፣ ዕድለኛ ከሆነም አንድ ሪሞት ተረክቦ ይሄዳል። እምብዛም የማይነሳው ጥያቄ ግን ይህ ነው፦ መኪናው “የሚያውቃቸው” ቁልፎችና ሪሞቶች በጠቅላላው ስንት ናቸው?

ጥያቄው ጥቃቅን ሊመስል ይችላል። ይሁንና ላለፉት ሠላሳ ዓመታት ገደማ የተሠሩ ብዙ ተሽከርካሪዎች ቁልፋቸውን የሚለዩት በብረቱ ጥርስ ብቻ ሳይሆን በኤሌክትሮኒክ ማኅደራቸው በተመዘገበ ኮድ ጭምር ነው። መኪናው ከአገር ወደ አገር፣ ከባለቤት ወደ ባለቤት ሲዘዋወር ሰሌዳው ይለወጣል፤ ሊብሬውም በአዲስ ስም ይዞራል። ማኅደሩ ግን ሆን ብሎ ያጸዳው ሰው ከሌለ እንደነበረ ይቀጥላል። በቀድሞው ባለቤት መሳቢያ ውስጥ የቀረው ሪሞት ዛሬም በሩን ሊከፍት ይችላል።

ባገለገሉ መኪኖች የሚንቀሳቀስ ቀጠና

ይህ ጉዳይ በምሥራቅ አፍሪካና በአፍሪካ ቀንድ የሚከብደው አብዛኛው ነዋሪ የሚገዛው መኪና ቀድሞ የሌላ ሰው የነበረ በመሆኑ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም እአአ በ2020 ባወጣው ሪፖርት፣ ከ2015 እስከ 2018 ባሉት ዓመታት 14 ሚሊዮን ያገለገሉ ቀላል ተሽከርካሪዎች ከአውሮፓ፣ ከጃፓንና ከአሜሪካ ወደ ሌሎች አገሮች ተልከዋል። ከእነዚህ ውስጥ ትልቁን ድርሻ የያዘችው መዳረሻ አፍሪካ ነበረች።

የቀጠናው መንግሥታት ይህን ፍሰት በየራሳቸው መንገድ ለመግታት ሞክረዋል። ኬንያ ከስምንት ዓመት በላይ ያገለገለ መኪና እንዳይገባ ትከለክላለች። ኡጋንዳ እአአ በ2018 ባሻሻለችው ሕግ 15 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸውን ተሽከርካሪዎች አግዳለች። ኢትዮጵያ በበኩሏ በኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በአሮጌ ተሽከርካሪዎች ላይ ከባድ ታክስ ከጣለች በኋላ፣ እአአ በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሏን አስታውቃለች።

እነዚህ እርምጃዎች ከውጭ የሚገባውን ቢቀንሱም ቀድሞ የገባውን አያስወጡም። አዲሱ ሲወደድ አሮጌው ዋጋው ይጨምራል፤ ዕድሜውም ይራዘማል። ባለ ደብል ጋቢናው ሃይሉክስም ሆነ የጭነት አይሱዙው በተደጋጋሚ ተሽጦ በሥራ ላይ ይቆያል። ደንቦቹ የሚያተኩሩት በዕድሜ፣ በጭስና በታክስ ላይ ነው። መኪናው በተሸጠ ቁጥር የሚጠፋው፣ የሚባዛው ወይም በሌላ እጅ የሚቀረው ቁልፍ ግን ከትኩረታቸው ውጭ ነው።

ሪሞትና ቺፕ፦ ሁለት የተለያዩ ጠባቂዎች

ችግሩን ለመረዳት ብዙዎች እንደ አንድ የሚያዩዋቸውን ሁለት ነገሮች መለየት ያስፈልጋል። ሪሞቱ በሬዲዮ ሞገድ መልእክት ልኮ በር ይከፍታል፣ ይቆልፋል። ሞተር የማስነሳቱ ፈቃድ ግን ብዙውን ጊዜ በቁልፉ ራስ ውስጥ የተቀበረው ትንሽ ቺፕ ነው። ቁልፉ ሲዞር ኢሞቢላይዘር የሚባለው ሞተር አጋጅ ሥርዓት የቺፑን ምላሽ ይጠይቃል፤ ካልተስማማው ሞተሩ እንዲሠራ አይፈቅድም።

የአውሮፓ ኅብረት ይህ ሥርዓት በአዲስ የቤት መኪኖች ላይ እንዲገጠም ከእአአ ጥቅምት 1998 ጀምሮ አስገድዷል። ብዙ አሮጌ ፒክ አፖችና የጭነት መኪኖች ግን ቺፕም ሆነ የፋብሪካ ሪሞት ሳይኖራቸው ተሠርተዋል። በእነዚህ ላይ የሚታየው ሪሞት ኋላ ላይ በመኪና ኤሌክትሪሺያን የተገጠመ አላርም ነው። ስለዚህ ሪሞት መጨመር ማለት በአንዱ መኪና የፋብሪካውን ማኅደር መክፈት፣ በሌላው ደግሞ ከአላርሙ ሳጥን ጋር ማስተዋወቅ ማለት ነው።

ሌላው መሰናክል መኪናው የተሠራበት ገበያ ነው። በሐርጌሳና በሞቃዲሾ መንገዶች መኪኖች ቀኛቸውን ይዘው ቢሄዱም ብዙዎቹ መሪያቸው በስተቀኝ ነው፤ ለጃፓን መንገድ የተሠሩ ናቸውና። ሪሞታቸውም እንዲሁ የትውልድ አገሩን ይዞ ይመጣል። ለጃፓንና ለሰሜን አሜሪካ ገበያ የተሠሩ ሪሞቶች በአብዛኛው በ315 ሜጋኸርዝ አካባቢ፣ ለአውሮፓ የተሠሩት ደግሞ በአብዛኛው በ433.92 ሜጋኸርዝ ይሠራሉ። መልኩ ፍጹም ተመሳሳይ የሆነ ሪሞት ከገበያ ተገዝቶ ከመኪናው ጋር አልግባባ የሚለው አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

መርሳት የሚችል መኪና

በአንዳንድ አሮጌ ተሽከርካሪዎች ሪሞት ለመጨመር ኮምፒውተር አያስፈልግም። እአአ ከ2004 እስከ 2008 የተሠራው የአሜሪካው ፎርድ ኤፍ-150 ፒክ አፕ ጥሩ ምሳሌ ነው። ቁልፉ በ10 ሰከንድ ውስጥ ስምንት ጊዜ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲዞር በሮቹ ራሳቸው ተቆልፈው ይከፈታሉ፤ መኪናው ለመመዝገብ ዝግጁ መሆኑን የሚናገረው በዚህ ነው። ከዚያ የእያንዳንዱ ሪሞት ቁልፍ በተራ ይነካል። በዚያን ጊዜ የተሠሩ በርካታ ቶዮታዎችም በርን በመክፈትና በመዝጋት፣ ቁልፍን በማስገባትና በማውጣት የሚከናወን የራሳቸው ቅደም ተከተል አላቸው።

በፎርዱ አሠራር ውስጥ አንድ ቁም ነገር አለ። አዲስ ምዝገባ ሲጀመር የቀድሞዎቹ ሪሞቶች ይሰረዛሉ። በዚያች ቅጽበት በባለቤቱ እጅ ያልነበረ ሪሞት ከዚያ በኋላ ባዕድ ነው። ለዚህም ነው ሁሉም ሪሞቶች በአንድ ጊዜ መመዝገብ ያለባቸው። አንዳንዶች እንደ አሰልቺ ግዴታ የሚያዩት ይህ አሠራር፣ ያገለገለ መኪና ለገዛ ሰው ትልቅ ጥበቃ ነው፦ መኪናው የቀድሞ ባለቤቶቹን እንዲረሳ ያደርጋል።

ቺፑ ግን እንዲህ በቀላሉ አይገራም። በዚሁ ዘመን ፎርዶች ባለቤቱ በራሱ ሦስተኛ ባለቺፕ ቁልፍ ለመጨመር አስቀድሞ የተመዘገቡ ሁለት ቁልፎች በእጁ መኖር አለባቸው። አንድ ብቻ ከያዘ የምርመራ መሣሪያ ያለው ባለሙያ መፈለግ ግድ ይሆንበታል። በ1990ዎቹ መጨረሻ በተሠሩ አንዳንድ ቶዮታዎች ደግሞ አዲስ ቁልፍ የመጨመር ሥልጣን ያለው “ማስተር” የሚባለው ቁልፍ ብቻ ነው። ማስተሮቹ ሁሉ ከጠፉ የሞተሩን ኮምፒውተር መቀየር ወይም ማኅደሩን ነቅሎ እንደ አዲስ መጻፍ ይጠይቃል።

ሕጉ የተነደፈው መኪናውን አዲስ ገዝቶ ሁለቱንም ቁልፍ በቤቱ ለሚያስቀምጥ ባለቤት ነው። መኪናው ባሕር ተሻግሮ ለሦስተኛና ለአራተኛ ሰው ሲደርስ ግን ብዙ ጊዜ የሚተርፈው አንድ ቁልፍ ነው። ያም ቢሆን ማስተር ይሁን አይሁን ገዢው አያውቅም።

የቁልፍ ቀራጩ ጠረጴዛ

ክፍተቱን የሚሞሉት በአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ፣ በናይሮቢ ኪሪንያጋ መንገድ ወይም በካምፓላ ኪሴካ ገበያ በመሰሉ የመለዋወጫ መንደሮችና በዙሪያቸው የሚሠሩ ቁልፍ ቀራጮችና የመኪና ኤሌክትሪሺያኖች ናቸው። በእጅ የሚያዝ መሣሪያ ከመሪው ሥር ካለው የምርመራ ሶኬት ጋር አገናኝተው አዲስ ቁልፍ ይመዘግባሉ፤ ሲያስፈልግም ማኅደሩን ፈትተው ያነብባሉ። የአምራቹ ወኪል በሌለበት፣ ወይም ወኪሉ ከጃፓን ገበያ የመጣን መኪና የማያስተናግድ በሆነበት ቦታ ሥራውን የሚያስቀጥሉት እነርሱ ናቸው። ቁልፉ የጠፋበት የጭነት መኪና በቆመ ቁጥር የሹፌሩ፣ የባለንብረቱና የነጋዴው ገቢ አብሮ ይቆማል።

ይሁን እንጂ ለባለቤቱ ቁልፍ የሚሠራው መሣሪያ ለሌባውም ይሠራል። ጥበቃው ራሱም ከዕድሜ ጋር ይዳከማል። ሪሞቱ በተነካ ቁጥር የሚለዋወጥ ኮድ እንዲልክ የሚያደርገውና “ኪሎክ” የሚባለው ታዋቂ ሥርዓት በ1980ዎቹ የተፈጠረው እዚሁ አፍሪካ ውስጥ፣ በደቡብ አፍሪካ ነበር። በ1995 ለአሜሪካው ማይክሮቺፕ ኩባንያ ተሸጠ፤ በ2008 ደግሞ የጀርመኑ የቦኹም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሊሰበር እንደሚችል አሳዩ። በ2020 የቤልጂየምና የብሪታኒያ ተመራማሪዎች በቶዮታ፣ በኪያና በሃዩንዳይ አንዳንድ ሞዴሎች ቺፕ ላይ ተመሳሳይ ድክመት ይፋ አድርገዋል። አዳዲስ መኪኖች የተሻለ ቺፕ ይዘው ይወጣሉ፤ ወደ ቀጠናው የሚመጡት ግን ምስጢራቸው ከታወቀ ዓመታት ያለፋቸው ናቸው።

ድንበር የሚሻገር ስርቆት

እአአ በ2015 ከብሪታኒያ የተሰረቁ ቅንጡ መኪኖች በካምፓላ ተገኝተዋል። ጉዳዩ የተደረሰበት በአንዷ ሌክሰስ ላይ የተገጠመው መከታተያ በሞምባሳ በኩል ያደረገችውን ጉዞ በመጠቆሙ ነበር። በ2025 መጋቢት ወር ኢንተርፖል በ12 የምዕራብ አፍሪካ አገሮች ባካሄደው ዘመቻ 150 ገደማ የተሰረቁ ተሽከርካሪዎችን ለይቷል፤ አብዛኞቹ ከካናዳ የተሰረቁ ነበሩ።

ከሁሉ የሚከፋው የሱዳን ነው። ጦርነቱ በሚያዝያ 2023 ከተቀሰቀሰ በኋላ በሺዎች የሚቆጠሩ መኪኖች ከኻርቱም ተዘርፈው ወደ ዳርፉርና ድንበር ተሻግረው ወደ ጎረቤት አገሮች መወሰዳቸው በስፋት ተዘግቧል። ነዋሪዎች ከተማዋን ሲለቅቁ ቁልፋቸውን ይዘው የወጡባቸው መኪኖች በሌላ አገር ገበያ ላይ ለመሸጥ አዲስ ቁልፍ ያስፈልጋቸዋል። በቅን ልቦና የገዛ ሰው መኪናው ለምን አንድ አዲስ ቁልፍ ብቻ እንዳለው ካልጠየቀ፣ የሌላውን ስደተኛ ንብረት እየነዳ ሊሆን ይችላል።

መከልከል ወይስ መመዝገብ?

ሌሎች አገሮች የሄዱበት መንገድ ሁለት መልክ አለው። ብሪታኒያ በ2025 ባቀረበችው የሕግ ረቂቅ ለመኪና ስርቆት የሚያገለግሉ የሬዲዮ ምልክት መጥለፊያዎችንና መሰል መሣሪያዎችን መያዝን ወንጀል ለማድረግ ተነስታለች። በአሜሪካ ደግሞ አምራቾች የቁልፍ ኮድ የሚሰጡት በተመዘገቡና ማንነታቸው በተጣራ ቁልፍ ሠሪዎች ሥርዓት በኩል ነው። ባለሙያው ኮዱን ሲወስድ የደንበኛውን ማንነትና የባለቤትነት ማስረጃ መዝግቦ ይይዛል። ደቡብ አፍሪካም ከሐምሌ 2021 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለችው መመሪያ አምራቾች ቴክኒካዊ መረጃን ለገለልተኛ ጋራዦች እንዲያካፍሉ ትጠይቃለች።

ለምሥራቅ አፍሪካ የሚቀርበው ሁለተኛው መንገድ ይመስላል። መሣሪያውን በጅምላ መከልከል ሐቀኛውን ቁልፍ ቀራጭ ከገበያ ሲያስወጣ፣ ሌባውን ግን እምብዛም አያስቆመውም። በአንጻሩ ቁልፍ ቀራጩ ሊብሬና መታወቂያ ሳያይ እንዳይሠራ፣ የሻንሲ ቁጥሩንና ቀኑንም በመዝገብ እንዲያሰፍር ማድረግ ከደብተርና ከእስክሪብቶ የዘለለ ወጪ አይጠይቅም። ስም ሲዞር የቁልፎቹ ብዛት በሽያጭ ውሉ ላይ እንዲጻፍ ማድረግም እንዲሁ።

ጥያቄው ከአሮጌ መኪና ጋር አብሮ የሚያልፍም አይደለም። ኢትዮጵያ ፊቷን ባዞረችባቸው የኤሌክትሪክ መኪኖች፣ በብዙዎቹ ዘንድ ስልክ ራሱ ቁልፍ ሆኗል። የመኪናው መተግበሪያ በቀድሞው ባለቤት ስም ከቀረ፣ ሩቅ አገር ያለ ሰው በሩን ሊከፍት ወይም መኪናው የት እንደቆመ ሊያይ ይችላል።

ሕግ እስኪወጣ ድረስ ሸክሙ የገዢው ነው። ያገለገለ መኪና የገዛ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት የተመዘገቡትን ቁልፎችና ሪሞቶች አሰርዞ በእጁ ያሉትን ብቻ ማስመዝገብ፣ ቢያንስ ሁለት የሚሠሩ ቁልፎች መያዝና ከመኪናው ጋር የመጣ የቁልፍ ቁጥር ያለበት ትንሽ ብረት ካለ ከመኪናው ውጭ ማስቀመጥ ይጠቅመዋል። ቺፕ በሌለው የጭነት መኪና ላይ ደግሞ የነዳጅ ወይም የኤሌክትሪክ መስመሩን የሚያቋርጥ ድብቅ ማብሪያና ማጥፊያ ማስገጠም ዛሬም ርካሽና አስተማማኝ መከላከያ ነው።

ሊብሬ መኪናው የማን እንደሆነ ለመንግሥት ይናገራል። መኪናው ራሱ ግን ሊብሬ አያነብም፤ የሚታዘዘው በማኅደሩ ለተመዘገበው ቁልፍ ብቻ ነው።