ለመቀበሪያችን ስናዋጣ ለሚያስታምመን ለምን እንሰስታለን?

ውድ የመረዳጃ እድራችን አባላትና የሰፈራችን ነዋሪዎች!

በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ አንድ ሐሳብ ለውሳኔ ይቀርባል። ይኸውም እያንዳንዱ አባል በወር መዋጮው ላይ 10 ብር ጨምሮ፣ ነርስነት ለሚማሩ የሰፈራችን ልጆች መርጃ ይሁን የሚል ነው። ሐሳቡ ገና ሳይቀርብ በየቡናውና በየለቅሶ ቤቱ ወሬው ተዛምቷል። «እድር ለቀብር እንጂ ለትምህርት አልተቋቋመም» የሚሉ አሉ። እኛም ዝም አንልም። መልሳችን የሚከተለው ነው።

እርግጥ ነው፣ እድር ቀባሪ ነው። ድንኳኑም፣ አግዳሚውም፣ ብረት ድስቱም የተገዛው ለዚሁ ነው። ነገር ግን ሰው ከመሞቱ በፊት ይታመማል። ስኳርና ደም ግፊት የያዛቸው፣ አልጋ ላይ የዋሉ፣ ቁስላቸው በየቀኑ መታጠብ ያለበት እናቶችና አባቶች በየግቢያችን ስንት ናቸው? ግፊት የሚለካ፣ መርፌ በወጉ የሚወጋ ሰው ፍለጋ በእኩለ ሌሊት ታክሲ የምንለምነው እኛው አይደለንም? ለድንኳኑ ብር አለን፣ ድንኳኑ ቶሎ እንዳይተከል ለሚደክም ሰው ግን ብር የለንም ማለት ምን ዓይነት ሒሳብ ነው?

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ በአገራችን መገኘቱ ተነገረ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉም ያስታውሰዋል። እጅ መጨባበጥ ቀረ፣ ድንኳን ተጣጥፎ ተቀመጠ፣ ቀብር በጥቂት ሰው ሆነ። ሰው ሁሉ ከሕመምተኛ ሲሸሽ ወደ ሕመምተኛው የገቡት እነማን ነበሩ? ነርሶች ከፊተኞቹ ነበሩ። ይህ ተረሳ እንዴ?

ሌላው ወሬ «ነርስነት የሴት ሥራ ነው፤ ዶክተር መሆን ያቃተው የሚገባበት ነው» የሚል ነው። ይህ ኋላ ቀር አነጋገር ነው። ልዕልት ፀሐይ የንጉሠ ነገሥት ልጅ ሆነው ሳለ፣ በስደቱ ዘመን እንግሊዝ አገር በሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተምረዋል። በነሐሴ 1934 ዓ.ም. በወጣትነታቸው ዐረፉ። ለመታሰቢያቸው የተሠራውም ሆስፒታል ዛሬ ጦር ኃይሎች የምንለው ነው። እሳቸው ያልናቁትን ሥራ የእኛ ሰፈር ሰው ሊንቀው ነው? ዶክተሩ መርምሮ፣ አዝዞ ወደ ሌላው ሕመምተኛ ይሄዳል። ሌሊቱን ሙሉ ግሉኮሱን የሚጠብቅ፣ ትኩሳት የሚለካ፣ ሕመምተኛውን የሚያገላብጥ ነርስ ነው። ወንድ ልጅ ቢማረውስ ምን ነውር አለው? ሰው ከአልጋ ማንሳት ጉልበት ይጠይቃል እኮ!

ሦስተኛው ወሬ «ተምረው ሥራ አያገኙም፤ ካገኙም ውጭ አገር ይሄዳሉ» ይላል። ተመርቀው ሥራ ያጡ መኖራቸውን አንክድም። ነገር ግን ልጅቷ ሳትማር ብትቀር ሥራ ታገኛለች? ያለ ሙያ ዓረብ አገር ወርደው በሰው ቤት የሚንገላቱ እህቶቻችንን የማያውቅ ማነው? በሙያ ፈቃድ የሄደችና በደላላ የሄደች አንድ አይደሉም።

ለመሆኑ ልጆቻችንን የሚያስቀራቸው ስንፍና ብቻ ይመስላችኋል?

አንደኛ፣ መግቢያው ጠባብ ነው። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3 ገደማ ብቻ ነበሩ። ዩኒቨርሲቲ ያልደረሰው ልጅ በቴክኒክና ሙያ በኩል በደረጃ ነርስነት መማር እንደሚቻል የሚነግረው ይፈልጋል። ፈቃድ የሌለው ኮሌጅ ገንዘቡን እንዳይበላውም አብሮት ሄዶ የሚያጣራለት ታላቅ ያስፈልገዋል።

ሁለተኛ፣ ገብቶ መዝለቅ አለ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። የሰውነት ክፍሎች ስም ማጥናት፣ የመድኃኒት መጠን ማስላት አለ። በዚያ ላይ ጋውን፣ ነጭ ጫማ፣ ማዳመጫ፣ ፎቶ ኮፒ፣ የታክሲ። አንዲት የሰፈራችን ልጅ ሁለተኛ ዓመት ደርሳ ያቋረጠችው ጭንቅላት አንሷት አይደለም፤ ለልምምድ ወደ ሆስፒታል የምትመላለስበት የታክሲ አጥታ ነው። 10 ብር ከ50 ሰው በወር 500 ብር ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የተባለው ለዚህ ነው።

ሦስተኛ፣ መጨረሻው አለ። የዲግሪው ተማሪ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመውጫ ፈተና ይጠብቀዋል፤ የደረጃው ተማሪ ደግሞ ሲኦሲ አለበት። አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ከስድስት ሰው ጋር ሆኖ እንዴት ይጠና? የእድራችን ቤት መብራት አለው፣ አግዳሚ አለው፣ ማታ ማታ ግን ተቆልፎ ያድራል። ይከፈትላቸው! በሰፈራችን ያሉ ጡረተኛ ነርሶችም እሑድ እሑድ ቢያስጠኗቸው ምርቃታችን ለእነሱ ነው።

«ገንዘቡን ማን ሊበላው ነው?» ለሚሉም መልስ አለን። ብር በእጅ ለማንም አይሰጥም። ዕቃው ይገዛል፣ ክፍያው ለኮሌጁ ይከፈላል፣ ደረሰኙ በዚሁ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። ዘመድ ከባዳ አይለይም። ተረጂዎቹም በበኩላቸው በወር አንድ ቀን፣ በዕድር ስብሰባችን ዕለት፣ የአረጋውያኖቻችንን ግፊት ይለካሉ።

ስለዚህ እናቶች፣ አባቶች፣ ወጣቶች ሁሉ በስብሰባው ቀን ሳትቀሩ ተገኙ። የሚቃወምም ካለ በለቅሶ ቤት ጥግ ማንሾካሾኩን ትቶ፣ በጉባዔው ፊት ቆሞ ይናገር፤ እናዳምጠዋለን። ከዚያ እጅ ይቆጠር።

የሞተውን በክብር እንቀብራለን፤ የታመመውንም የሚያስታምም እናስተምራለን!

የእድሩ ጽሕፈት ቤት