«ተፈጥሮ ነው» ብሎ ነገር

ሰሞኑን ከምሳ በኋላ ዛፉ ሥር የማያልቅ ክርክር ይዘናል። «ሴት ገንዘብ ያለውን፣ ወንድ ወጣቷን መምረጡ ተፈጥሮ ነው፤ ሳይንስ አረጋግጦታል» የሚሉ ጓደኞች አሉን። ለመሆኑ ሳይንሱ ምን አለ?

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ዴቪድ በስ እ.ኤ.አ. በ1989 ባወጣው ጥናት በ37 ባሕሎች ከ10,000 በላይ ሰዎች ተጠይቀዋል። ወንዶቹ በሁሉም ዘንድ በዕድሜ የምታንሳቸውን ፈልገዋል፤ ሴቶቹም በ36ቱ ለገቢ ከወንዶቹ የበለጠ ክብደት ሰጥተዋል። እርግዝናውም ማጥባቱም የሴት ስለሆነ፣ ጥንት የሚያግዛትን የመረጠች እናት ልጆቿ ተርፈውላታል ባይ ነው በስ።

እሺ፣ ይሁን። ግን ጓደኞቻችን የዘለሉት ገጽ አለ። በዚያው ጥናት ወንዱም ሴቷም ከገቢና ከመልክ ያስቀደሙት ደግነትንና ብልህነትን ነው! ደግሞም አሊስ ኢግሊና ዌንዲ ውድ በ1999 ያንኑ መረጃ እንደገና ሲመረምሩት፣ የፆታ እኩልነት በተሻለበት አገር የገቢው ነገር ልዩነቱ ጠበብ ብሎ ተገኝቷል። ታዲያ ደመወዝ የሌላት ሴት ደመወዝተኛ ብትፈልግ ምኑ ይገርማል?

አንዷ እህታችን «እኔስ ነገ ደመወዝተኛ ልሆን አይደል እንዴ? የማንን ኪስ ነው የምቆጥረው?» ብላ ብትጠይቅ ሁላችንም ዝም አልን። ከዚያ ወዲህ ሴቶቹ ወደ ዛፉ አይመጡም። ጥፋቱ የኛ ነው።

ነገ ገጠር ስንመደብ የስድስተኛ ክፍል ተማሪያችንን ለሽማግሌ ሊድር ያሰበ አባት፣ «አስተማሪውም ተፈጥሮ ነው ብሏል» ቢለን ምን ልንመልስለት ነው?

ክርክሩ ዓርብ ይቀጥላል። ሴቶቹ ቀድመው ይናገሩ።