የፈታዪቱ ዋጋ

የማኅበራችን ጉባኤ በሚቀጥለው ስብሰባው ከሚወስናቸው ጉዳዮች አንዱ፣ ለዘንድሮ ተመራቂዎች የሚታደለው ባለ ጥለት የአንገት ልብስ ከየት ይገዛ የሚል ነው። ነገሩ ትንሽ መስሎ ስለሚታይ በአጀንዳው መጨረሻ ላይ ተጽፏል። በተለመደው መንገድ ከሄድን፣ ጥለቱ በመኪና የታተመበት ከባሕር ማዶ የመጣ ሰው ሠራሽ ጨርቅ ከከተማ ሱቅ ተገዝቶ ይመጣል፤ ርካሽ ነው፣ ቶሎም ይደርሳል። እኛ ግን ከመወሰኑ በፊት ጥቂት ቃል ለመናገር እንወዳለን። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የቆቦ ልጅ ነውና ለአገሩ አደላ ቢባል አይከፋውም።

ቆቦ ከወልድያ በስተ ሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በራያ ቆላ የምትገኝ ከተማ ናት፤ በምሥራቅ የዞብል ተራራ፣ በምዕራብ ደጋው ይታያታል። አገሩ የማሽላና የጤፍ፣ የከብትና የግመል አገር ነው። ራያ ሲነሣ ሰው የሚያስበው ወይ ዘፈኑን ወይ ድርቁን ነው፤ እንዝርቱን የሚያነሣ የለም። ሆኖም በነሐሴ ለሶለል የሚወጡት ልጃገረዶች ቀሚስ፣ ሽማግሌው ለእርቅ ሲቀመጥ የሚደርበው ጋቢ፣ የሙሽራው ኩታ፣ በአገር ወግ የተሠራ እንደ ሆነ ሸማኔው ጉድጓዱ ውስጥ ከመግባቱ በፊት በሴቶች እጅ ያለፈ ነው።

ጥጡ በመጀመሪያ ይዳመጣል፤ በድንጋይ ላይ ብረት እየተንከባለለበት ፍሬው ይለያል። ከዚያ በደጋን ተነድፎ ባዘቶ ይሆናል። ባዘቶው በእንዝርት ይፈተላል፣ ክሩም ተጠቅልሎ ልቃቂት ይሆናል። ዛሬ ድሩ በብዙ ቦታ የፋብሪካ ክር ነው፤ አይበጠስምና ሸማኔው ይወደዋል። ጋቢው የሚሞቀውና የሚለሰልሰው ግን ማጉ በእጅ የተፈተለ ሲሆን ነው። ሸማኔው ጋቢውን በጥቂት ቀን ሠርቶ ያወርደዋል። እናቴ ደግሞ ለዚያው ጋቢ የሚበቃውን ማግ፣ ከወጥ ቤቱና ከውሃው ሥራ በሚተርፋት ሰዓት፣ ከመስቀል ጀምራ ለገና ብታደርስ ፈጠነች ይባላል።

ፈትል ከሽመና ወደ ኋላ መቅረቱ የእኛ አገር ነገር ብቻ አይደለም። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1733 ጆን ኬይ የተባለ እንግሊዛዊ ፈጣኑን መወርወሪያ ባወጣ ጊዜ ሸማኔዎቹ ፈጠኑ፣ ፈታዮቹም ሊደርሱባቸው ስላልቻሉ ክር ጠፋ። ከ30 ዓመት ገደማ በኋላ ሃርግሪቭስ ብዙ እንዝርት ባንድ ጊዜ የሚያዞረውን መኪና የሠራው በዚህ ችግር መካከል ነው። በእኛ ሰፈር ክር ሲያጥር የሚደረገው ሌላ ነው፤ ሴቲቱ ሌሊቱን ጨምራ ትፈትላለች። ዋጋዋ ግን አይጨመርላትም።

ጦርነቱ በሐምሌ 2013 ዓ.ም. ቆቦ ደርሶ፣ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ደግሞ ተመልሶ መጣ። ከሁለተኛው በኋላ ወደ ቤታችን ስንመለስ ከዕቃው የተረፈ ብዙ አልነበረም። የእናቴ እንዝርትና የባዘቶ ሙዳይዋ ግን በቦታቸው ነበሩ፤ ማን ይወስዳቸዋል! በዚያ በጋ የቤታችን ጨውና ዘይት የተገዛው በልቃቂት ነው። ልቃቂቱን የሚገዛን ነጋዴ በሚዛን አይመዝንም፤ በእጁ አንሥቶ፣ በዐይኑ ገምቶ ዋጋ ይቆርጣል። ቀጭኑን ከወፍራሙ፣ እኩል የተፈተለውን ከጎርባጣው አይለይም። ሒሳቡን በደብተሬ ላይ አሰላሁት። የጥጡ ዋጋ ሲነሣ ለሦስት ሳምንት የእጅ ሥራ የቀረላት ገንዘብ በከተማ አንድ ምሳ አያበላም። ይህን ስነግራት፣ «እጄን አጣጥፌ ከምውል ብዬ ነው እንጂ እሱንስ መቼ አጣሁት፣ ልጄ» አለችኝ።

ስለ ሸማኔው ብዙ ተብሏል። በሰሜኑ አገር መሬት የተነፈገው ሙስሊም ለብዙ ዘመን በሽመናና በንግድ ይተዳደር ነበር፤ ባለ እጅም በሙያው ይሰደብ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ በአዋጅ ከለከሉ። ፈታዪቱ ግን መጀመሪያውንም አልተሰደበችም። መፍተል ወይዘሮዋም ገረዷም የምትይዘው የተከበረ የሴት ወግ ነበርና። ያለ ዋጋ የቀረውም በዚሁ ምክንያት ይመስለናል፤ ወግ ተባለ እንጂ ሥራ አልተባለም፣ ለወግ ደግሞ ደመወዝ የሚጠይቅ የለም።

ቀለሙም ሌላ ጣጣ አለው። ባለፈው ዓመት ለእህቴ የተሠራላት የሶለል ቀሚስ ገና በመጀመሪያው እጥበት ቀዩ ጥለት ወደ ነጩ ፈሰሰ፤ ልጅቷ አለቀሰች፣ ሸማኔውም የተረገመው ባልነከረው ክር ነው። ጥጥ እንደ በግ ፀጉርና እንደ ሐር ቀለምን በቀላሉ አይዝም፤ ብዙው የተክል ቀለም እንዲጸናበት አስቀድሞ ጥጡ እንደ ሮማን ልጣጭ ባለ ነገርና በሸብ መዘጋጀት አለበት። እርድ ወዲያው ያምራል፣ ፀሐይ ግን ያነጣዋል። እሾሃሙ የአገራችን ሱፍ (የበጉን ፀጉር ሳይሆን ለጾም የምንፈተፍተውን ማለታችን ነው) ከአበባው ቢጫም ቀይም ይወጣዋል። ቢጫው በውሃ ታጥቦ ከወጣ በኋላ ቀዩ በአመድ ውሃ ይወጣል፣ ሎሚ ሲጨመርበትም ክሩን ይይዛል፤ ይህም ቢሆን ብርሃን አይወድም። የኬሚስትሪ ክፍል ጓደኞቻችንና መምህራኖቻቸው አንድ ቅዳሜ ቢሰጡን፣ የትኛው የገበያ ቀለም እንደሚለቅና የትኛው እንደሚጸና ፈትነው ለሸማኔዎቹ ሊነግሩ ይችላሉ። ቀለሙ የጸና ክር ነክሮ መሸጥ ራሱን የቻለ ትንሽ ንግድ ነው።

ከዚህ ቀደም ይህን ያነሣንላቸው አንዳንድ ጓደኞቻችን፣ በፋብሪካ ዘመን እንዝርት ማንሣት ወደ ኋላ መመለስ ነው ብለውናል። እኛ ፋብሪካ አይኑር አላልንም፤ ድሩ የፋብሪካ መሆኑን ከላይ ገልጸናል። ጋንዲ ሕንዶችን እንደ መከሩት ተማሪው ሁሉ ይፍተል አንልም፤ ይህ ጸሐፊ ሞክሮት ክሩ ሦስት ጊዜ ተበጥሶበት እናቱን አስቋል። የምንለው፣ በእጅ ለተፈተለ ክር ከፍ ያለ ዋጋ የሚከፍል ገዢ በዓለም ላይ መኖሩን ነው። በአዲስ አበባ ሳባሃር የተባለው ድርጅት ከ1996 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በእጅ የተፈተለ ጥጥና የጉሎ ቅጠል ከሚበላ ትል የሚገኝ ሐር እያሸመነ ወደ ውጭ አገር ይልካል። እንዲህ ያለው ገዢ ቆቦ ድረስ እስኪመጣ ግን የመጀመሪያው ገዢ እኛ ብንሆን ምን ይከለክለናል?

ስለዚህ የአንገት ልብሱ ከቆቦ ፈታዮችና ሸማኔዎች እንዲገዛ ለጉባኤው እናሳስባለን። ክሩ በሚዛን ይመዘን፤ ቀጭኑና ወፍራሙ ለየብቻው ዋጋ ይቆረጥለት፤ የጥጡ መግዣ አስቀድሞ ይሰጣቸው፣ ፈታዪቱ ከነጋዴው እጅ የምትወድቀው እሱን ስታጣ ነውና። በደረሰኙም ላይ የፈታዪቱ ድርሻ ከሸማኔው ተለይቶ ይጻፍ። ዋጋው ከሱቁ እንደሚበልጥ አንክድም፤ የጎደለውን ተመራቂው ከኪሱ ቢያዋጣ አግባብ ነው እንላለን።

አንድ ነገር ግን አይረሳ። ምርቃቱ በሰኔ መጨረሻ ከሆነ ባዘቶው ከጥር ሳያልፍ በፈታዮቹ እጅ መግባት አለበት፤ እንዝርት እንደ ሱቅ በአንድ ቀን አያደርስም። ጉባኤው ይህን ጉዳይ ከአጀንዳው መጨረሻ አንሥቶ መጀመሪያ ላይ ያድርገው።