ክሊራንስ የማይነካው ፓስዎርድ

በአገራችን ሥራ የለቀቀ ሠራተኛ ክሊራንስ ሳይጨርስ አይሸኝም። ንብረት ክፍል ላፕቶፑንና የመሳቢያ ቁልፉን ይረከባል፤ ፋይናንስ ያልተወራረደ ሒሳብ እንደሌለበት ፈርሞ ያረጋግጣል፤ መታወቂያውም ይመለሳል። የሚያውቀው ፓስዎርድ ግን አብሮት ይወጣል። ከዓመት በኋላም የደመወዝ ፎልደሩ የሚከፈተው በዚያው ፓስዎርድ ነው፤ ልቀይር ያለ ሰው ኮምፒውተሮቹን ሁሉ አንድ በአንድ መዞር አለበትና ማንም አይነካውም።

የችግሩ ሥር ያለው ኮምፒውተሮቹ በተያያዙበት መንገድ ላይ ነው። ብዙ ትንንሽ ቢሮዎች የሚሠሩት በወርክግሩፕ ነው። በወርክግሩፕ እያንዳንዱ ማሽን ዩዘርና ፓስዎርድ የሚይዘው ለብቻው ነው፤ አንዱ ስለሌላው አያውቅም። ሦስት አራት ኮምፒውተር ላለው ቢሮ ይህ ይበቃል፤ ወጪም አያስወጣም። ቁጥሩ ከአሥር ሲያልፍ ግን ሥራ አስኪያጁ ማን ምን እንደሚከፍት መቆጣጠር ያቅተዋል።

ፒችትሪ የተባለውን የሒሳብ ፕሮግራም የሚጠቀም ቢሮ ይህን በየቀኑ ያየዋል። ዳታው የተቀመጠው በሒሳብ ሠራተኛዋ ኮምፒውተር ላይ ከሆነ፣ እሷ ማሽኗን ዘግታ ባንክ በሄደች ቁጥር ገንዘብ ያዧም ኦዲተሩም እጃቸውን አጣጥፈው ይጠብቃሉ። ፎልደሩ እንዳያስቸግር ተብሎ ለሁሉም ሙሉ ፈቃድ ተሰጥቶበታል፤ ስለዚህ በአንድ ፍላሽ የገባ ቫይረስ የሒሳብ መዝገቡንም ያገኘዋል። በዚያ ላይ ተራ ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ፎልደር ሲያጋራ በአንድ ጊዜ ከ20 በላይ ግንኙነት አይቀበልም።

ዶሜይን ይህን ሥርዓት ያስይዛል። ማይክሮሶፍት ዶሜይን የሚመራበትን አክቲቭ ዳይሬክተሪን ከዊንዶውስ 2000 ሰርቨር ጋር ካወጣው ሩብ ምዕተ ዓመት አልፏል። የሁሉም ሠራተኛ አካውንት በአንድ ሰርቨር ላይ ይያዛል፤ የመልቀቂያ ደብዳቤው ሲደርስ አንድ አካውንት ይዘጋል፣ ሰውየውም ከቢሮው ኔትወርክ ጋር በተያያዘ በየትኛውም ማሽን በዚያ አካውንት መግባት አይችልም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ የደንበኛን ወይም የታካሚን መረጃ የያዘ ቢሮ የጥበቃ ግዴታ አለበት። ፎልደሩን ማን እንደከፈተ የማያውቅ ተቋም ጠብቄያለሁ ሊል አይችልም።

ሽግግሩ ግን ቅዳሜ ከሰዓት ተጀምሮ ሰኞ ጠዋት የሚረሳ ሥራ አይደለም። ከሱቅ የሚገዙ ብዙ ላፕቶፖች ዊንዶውስ ሆም ተጭኖባቸው ይመጣሉ፤ ሆም ደግሞ ዶሜይን ውስጥ አይገባም። ኮምፒውተሩ ሰርቨሩን በስሙ የሚፈልግበት የዲኤንኤስ ቅንብር የራውተሩን አድራሻ ይዞ ከቀረ ሰርቨሩን አያገኘውም። ሰዓትም አለ፦ ዶሜይን ማንነት የሚያረጋግጥበት ከርቤሮስ በተለመደው አሠራሩ ከ5 ደቂቃ በላይ የሰዓት ልዩነት አይፈቅድም። ጠዋት 2፡30 ብሎ እንዲያሳየው ሰዓቱን በእጁ የቀየረ ሠራተኛ በ6 ሰዓት ተለያይቷል፤ ባትሪው ያለቀ አሮጌ ዴስክቶፕም መብራት በሄደ ቁጥር ዓመታት ወደ ኋላ ይመለሳል።

ሠራተኛውን ይበልጥ የሚያስደነግጠው ግን የመጀመሪያው ጠዋት ነው። በአዲሱ አካውንት ሲገባ ዴስክቶፑ ባዶ ነው፤ የዓመታት ደብዳቤና ፎቶ የጠፋ ይመስላል። አልጠፋም፤ እዚያው ማሽን ላይ በድሮው ዩዘር ስም በተቀመጠው ፎልደር ውስጥ አለ። ይህን አስቀድሞ ያልነገረ፣ ፋይሎቹንም ገልብጦ ያልጠበቀ ባለሙያ ቢሮውን በሙሉ ጠላት ያደርጋል። ሠራተኛው ዶሜይኑን ከጠላው ደግሞ ተመልሶ በፍላሽ መሥራት ይጀምራል።

ዶሜይን የራሱ አደጋም አለው። እ.ኤ.አ. በጁን 2017 ኖትፔትያ የተባለው ጥቃት የዴንማርኩን የመርከብ ኩባንያ ማርስክን ሲመታ፣ 150 ገደማ የሚሆኑት የዶሜይን ሰርቨሮቹ ከአንዱ በቀር ጠፉ። አንዱ የሌላው ግልባጭ ስለነበር ሁሉም በአንድ ጊዜ ይጠፋሉ ብሎ ያሰበ አልነበረም። የተረፈው ጋና ነበር፤ ጥቃቱ ከመድረሱ በፊት መብራት ሄዶ ከኔትወርክ ወጥቶ ነበርና። ኢንተርኔቱ ዳታውን ለመላክ ስላልበቃ ሃርድ ዲስኩ በሰው እጅ በናይጄሪያ በኩል ወደ እንግሊዝ ተወሰደ።

እንዲህ ያለ ኩባንያ በመብራት መጥፋት ከተረፈ፣ አንድ ሰርቨር መደርደሪያ ሥር አስቀምጦ ያለ ዩፒኤስና ያለ ባክአፕ መተኛት አይገባም። ሁለት ሰርቨር ቢኖር ይመረጣል፤ ከኔትወርኩ ተነቅሎ የሚቀመጥ ባክአፕ ግን የግድ ነው። ክራክ የተደረገ ዊንዶውስ ሰርቨር ላይ የቢሮን ቁልፍ ሁሉ መስቀልም ያስጠይቃል። የፈቃድ ክፍያው የከበደው ቢሮ ሳምባን ይሞክር፤ ከ2012 መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሊኑክስ ላይ ያለ ክፍያ የዶሜይን ሰርቨር ሆኖ ይሠራል። የአስተዳዳሪው ፓስዎርድም ሰርቨሩን በተከለው የውጭ ቴክኒሻን ጭንቅላት ውስጥ ብቻ መቅረት የለበትም፤ በታሸገ ፖስታ ካዝና ውስጥ ይቀመጥ፣ ቴክኒሻኑ ሥራውን ሲያስረክብም ይቀየር።