የዩኒቨርሲቲ መምህራንን የማስተማር ብቃት ማሳደግ፦ ከምስክር ወረቀቱ ባሻገር

ዛሬ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር የሚገኙት ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ አዲስ አበባን ከከበቡት ከተሞች መካከል ናቸው። ከነዋሪዎቻቸው ልጆች ብዙዎቹ ለከፍተኛ ትምህርት በየዕለቱ ወደ አዲስ አበባ ይመላለሳሉ፤ ሌሎቹ በመንግሥት ምደባ ወደ ሩቅ ክልሎች ይሄዳሉ። ወላጆችና ተማሪዎች ለአገልግሎት ሲቀርቡ በአብዛኛው የሚያነሡት ስለ ምደባ፣ ስለ ዝውውርና ስለ ሰነድ ማረጋገጫ ነው። በመማሪያ ክፍሉ ውስጥ ስለሚሆነው ነገር የሚጠይቅ ተገልጋይ ጥቂት ነበር።

ይህ ሁኔታ መለወጥ የጀመረው የመውጫ ፈተና በ2015 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በአገር አቀፍ ደረጃ ከተሰጠ በኋላ ነው። የመጀመሪያ ዲግሪ ለማግኘት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ማምጣት ግዴታ ሆነ። በዚያው ዙር በመንግሥት ተቋማት ከተፈተኑት 62 በመቶ ገደማ፣ በግል ተቋማት ከተፈተኑት ደግሞ 17 በመቶ ገደማ ብቻ አለፉ። ሦስትና አራት ዓመት የመማሪያ ክፍያ ለከፈለ ቤተሰብ ይህ ቁጥር ቀላል አይደለም። ፈተናው የመዘነው ተማሪውን ቢሆንም፣ ጥያቄው ወደ አስተማሪው መሻገሩ አልቀረም።

ይሁንና ሁሉንም በመምህሩ ላይ መጫን ፍትሐዊ አይሆንም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ዩኒቨርሲቲው የሚቀበለው ተማሪ ክፍተት ይዞ እንደሚመጣ ግልጽ ነው። ክፍተት ላለበት ተማሪ ግን ከማንም በላይ የሚያስፈልገው ማስተማርን የተማረ መምህር ነው።

የችግሩ ሥር እዚህ ላይ ነው። የአንደኛ ደረጃ መምህር ወደ ክፍል ከመግባቱ በፊት የማስተማር ሥነ ዘዴ ይማራል። የዩኒቨርሲቲ መምህር ግን የሚቀጠረው በትምህርት መስኩ ባለው ዕውቀት ነው። በሁለት አሥርት ዓመታት ውስጥ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ቁጥር ከአሥር በታች ከነበረበት ከ40 በላይ ሲደርስ፣ ከፍተኛ ውጤት ያመጣ ተመራቂ በረዳት ምሩቅነት ተቀጥሮ፣ በቅርቡ ተማሪ ሆኖ በተቀመጠበት ክፍል አስተማሪ ሆኖ የቆመበት አጋጣሚ ብዙ ነው። የሚያውቀው የማስተማር ዘዴ እርሱ ራሱ የተማረበትን ብቻ ነው፤ ማስታወሻ ማጻፍና በመጨረሻ መፈተን። ችግሩ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። በብሪታንያ በ1997 እ.ኤ.አ. የወጣው የዲሪንግ ሪፖርት የዩኒቨርሲቲ መምህራን በማስተማር ሙያ እንዲሠለጥኑ የመከረው በተመሳሳይ ምክንያት ነበር።

በኢትዮጵያ ለዚህ የተሰጠው ዋነኛ ምላሽ በ1990ዎቹ አጋማሽ (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) የተጀመረው የከፍተኛ ዲፕሎማ ፕሮግራም ነው። በመምህራን ማሠልጠኛ ተቋማት ተጀምሮ ኋላ ወደ ሌሎች የዩኒቨርሲቲ መምህራን የሰፋ ሲሆን፣ በጎ ፈቃደኛ ባለሙያዎችን የሚልከው ቪ.ኤስ.ኦ. የተባለው ዓለም አቀፍ ድርጅትም ድጋፍ አድርጎለታል። ሥልጠናው መምህሩ ሥራውን ሳይለቅ አንድ ዓመት ያህል የሚከታተለው ነው። መምህሩ የራሱን አሠራር መልሶ እንዲመረምር፣ ተማሪን የሚያሳትፍ ዘዴ እንዲለማመድ፣ ምዘናውን እንዲያሻሽል፣ በትምህርት ቤቶች ተገኝቶ እንዲመለከትና በገዛ ክፍሉ ችግር ላይ ተግባራዊ ጥናት እንዲያካሂድ ያደርጋል። ያከናወነውንም በማኅደር ያጠራቅማል። በሐሳብ ደረጃ ብዙ የሚነቀፍ ነገር የለውም።

ጉድለቱ የታየው በአፈጻጸም ነው። ምስክር ወረቀቱ ግዴታ ሲሆን፣ ለአንዳንዱ መምህር ሥልጠናው መሟላት ያለበት ፎርም ሆነ፤ ማኅደሩም ለክፍሉ ሳይሆን ለፋይሉ ተዘጋጀ። በቡድን ማወያየትን የተለማመደ መምህር ሲመለስ የሚጠብቀው ወንበሩ ከወለል ጋር የታሰረ አዳራሽና በመቶ የሚቆጠር ተማሪ ሊሆን ይችላል። ለማዕረግ ዕድገት ደግሞ የታተመ ጥናት ሚዛን ይደፋል። በዚህ ሁኔታ ስንት መምህራን ሠለጠኑ የሚለው ሪፖርት ለማውጣት ይመቻል፤ ስንት ክፍል ተለወጠ የሚለውን ግን አይመልስም። ከሥልጠናው ማግስት አንድ የሥራ ባልደረባ ክፍል ገብቶ ትምህርቱን ተመልክቶ መወያየቱ ከሌላ ተጨማሪ ዐውደ ጥናት የበለጠ ዋጋ አለው። ወጪውም አነስተኛ ነው።

ሰበታ በዚህ ጉዳይ የራሷ ትምህርት አላት። የሰበታ መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ለአሥርት ዓመታት ማየት የተሳናቸውን ልጆች ሲያስተምር ቆይቷል፤ በከተማዋም የልዩ ፍላጎት መምህራን የሚሠለጥኑበት ኮሌጅ አለ። ከእንዲህ ዓይነት ትምህርት ቤት ወጥቶ ዩኒቨርሲቲ የገባ ተማሪ በብሬል ማንበብና መጻፍ ይችላል። መምህሩ ግን ሰሌዳው ላይ ጽፎ «እዚህ እንደምታዩት» ብሎ ካለፈ፣ የክፍለ ጊዜው ፍሬ ነገር ለዚያ ተማሪ የለም። መፍትሔው ውድ መሣሪያ አይደለም። የሚጻፈውን ጮክ ብሎ ማንበብ፣ ሥዕሉን በቃል መግለጽ፣ ማስታወሻውን ቀድሞ መስጠት በቂ ጅምር ነው። የሚገርመው፣ ይህን ያደረገ መምህር በአዳራሹ ኋላ ለተቀመጠውና ሰሌዳው በደንብ ለማይታየው ተማሪም ጠቅሟል።

ቋንቋም ሌላ ዐቢይ ጉዳይ ነው። የዩኒቨርሲቲ መማሪያ ቋንቋ እንግሊዝኛ ቢሆንም፣ ትምህርቱ ሲከብድ ብዙ መምህራን ለማስረዳት ወደ አማርኛ ይዞራሉ። በሱሉልታ ወይም በቡራዩ በአፋን ኦሮሞ የተማረ ልጅ ያን ጊዜ ሁለት ጊዜ ሊቸገር ይችላል። መምህራንን ለማገዝ የእንግሊዝኛ ቋንቋ ማሻሻያ ማዕከላት በየዩኒቨርሲቲው ቢቋቋሙም፣ የሚያስፈልገው የቋንቋ ኮርስ ብቻ አይደለም፤ ከባድ ሐሳብን በቀላል እንግሊዝኛና በምሳሌ ማስረዳት ራሱን የቻለ ሙያ ነው።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ መምህራንን በኦንላይን የማስተማር ዘዴ የማሠልጠን ሥራ ከማስተርካርድ ፋውንዴሽንና ከአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጋር በትብብር እየተካሄደ ነው። የመውጫ ፈተናው ግፊት በጥያቄ ወረቀት ማለማመድን ወደ ማስተማር እንዳይለውጥ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

ተገልጋዮች በዚህ ሂደት ተመልካች ብቻ አይደሉም። ተማሪዎች በሴሚስተር መጨረሻ የሚሞሉት የመምህር ምዘና ለሥልጠና ግብዓት ሊሆን የሚችል ሰነድ በመሆኑ፣ ነጥብ ከመስጠት ባለፈ ምን እንዳልገባቸውና በየትኛው ምዕራፍ እንደሆነ ቢጽፉበት ይመረጣል። የኮርሱን ዝርዝር መርሐ ግብር በመጀመሪያው ሳምንት መጠየቅ፣ የታረመ ፈተናን መመልከት፣ ቅሬታ ሲኖርም በቅድሚያ ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ፣ ቀጥሎ ለፋኩልቲው ወይም ለኮሌጁ ዲን በጽሑፍ ማቅረብ ይቻላል። ልጃቸውን በግል ተቋም የሚያስመዘግቡ ወላጆችም ከክፍያው ጋር አብረው ሊጠይቁ የሚገባቸው አለ፦ በዚያ ፕሮግራም የሚያስተምሩት መምህራን ምን ያህሉ ቋሚ ናቸው፣ የማስተማር ሥልጠናስ ወስደዋል ወይ፣ ያለፈው ዓመት የመውጫ ፈተና ውጤትስ በትምህርት መስኩ ምን ይመስላል።